ከእናቴ የደበቅሁት ሳል

የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ አይፈራም። ሜሪላንድ የገባሁ ሰሞን ሰው ሁሉ "የዚህን አገር ብርድ አታውቂውም፣ ደራርቢ" ሲለኝ በሆዴ እስቅ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሠራች ሴት ናት። ዲቪ ደርሶኝ ስወጣም ከሻንጣዬ ግማሹን የያዘው እሷ የሰጠችኝ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ነበር። ያረፍኩባቸው የእናቴ የአክስት ልጅ፣ እትዬ ዘውዲቱ፣ ሻንጣዬ ሲከፈት አይተው፣ ሰው በርበሬና ቅቤ ይዞ ይመጣል፣ አንቺ ብርድ ልብስ ተሸክመሽ አሜሪካ ትመጫለሽ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ።

ይህን የምጽፈው እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ላንግሊ ፓርክ ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ እንደ እኔ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ የምትስል አንዲት ልጅ አትጠፋም ብዬ ነው። ደስ የሚል ታሪክ አይደለም። ድኛለሁ፤ መዳኔን ግን እስከ ዛሬ ደስ ብሎኝ ለሰው ተናግሬው አላውቅም።

ሥራዬ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ በር ላይ ሒሳብ መቀበል ነበር። የምንኖረው ላንግሊ ፓርክ ስለሆነ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ሲልቨር ስፕሪንግ እደርሳለሁ፤ ከዚያ በባቡር ከተማውን አቋርጬ፣ ወንዙን ተሻግሬ እሄዳለሁ። የምቀመጥባት የመስታወት ሳጥን ከአንድ ሱቅ በደረቴ አትበልጥም። እግሬ ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፤ መኪና በመጣ ቁጥር ደግሞ መስኮቱ ይከፈታል። አንዱ ጎኔ ሲጠበስ አንዱ ጎኔ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት በረዶ መጣል ሲጀምር ሳል ሲይዘኝ እኔም ሆንኩ እትዬ ዘውዲቱ ምክንያቱን ለመፈለግ አልደከምንም። ብርድ ነው አልን።

እኛ ዘንድ ብርድ የማያመጣው በሽታ የለም። ወገብ ቢያም ብርድ ነው፣ ሆድ ቢነፋ ብርድ ነው፣ ፊት ቢጣመምም ብርድ ነው። እትዬ ዘውዲቱ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልተው "አፈር ስሆን ጠጪ" እያሉ በግድ ያጠጡኝ ነበር። ልጃቸው ሊዲያ እዚሁ የተወለደች፣ ሃይስኩል የምትማር ልጅ ናት፤ ሽታውን አልቻለችም፣ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ትገባለች።

በረዶው ሄደ፣ ሳሉ ግን ቀረ። ዛፉ ሲያብብ ደግሞ ብርዱ ስሙን ቀየረና አለርጂ ሆነ። የዋሽንግተንን ጸደይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሐበሻ ሁሉ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው ፈስሶ ነው የሚከርመው። ኢንሹራንስ ስላልነበረኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሰውን ያለ ቀጠሮ የሚያስተናግድ ክሊኒክ ሄድኩ። ግማሽ ቀን ያህል ቁጭ ብዬ፣ ከፊቴ ያለው ቴሌቪዥን ያንኑ የምግብ ዝግጅት ደጋግሞ ሲያሳየኝ ቆይቼ ገባሁ። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠና የአለርጂ ክኒን ጻፈልኝ። ልወጣ ስል ብቻ፣ ከቤተሰብሽ ቲቢ የያዘው ሰው ነበረ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቲቢ ማለት አገራችን የሳንባ ነቀርሳ የምንለው ነው። የለም አልኩት።

ልዋሸው ብዬ አይደለም። አባቴ የሞተው እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲስል፣ ሲከሳ፣ የሚጠጣበት ጣሳ ለብቻው ሲቀመጥ አስታውሳለሁ። እቤታችን ግን የዚያ በሽታ ስም አንድም ቀን ተጠርቶ አያውቅም። አባትሽ ምን ሆኖ ሞተ ብትሉኝ የምመልሰው የተነገረኝን ነው፤ ብርድ መቶት። ደግሞም ቪዛ ሲሰጠን ደረታችንን ራጅ ተነስተን ንጹሕ ናችሁ ተብለን ነው የወጣነው። ጀርሙ ሰውነት ውስጥ ዓመታት ተኝቶ፣ ሰው ሲደክምና ሲጎሳቆል ሊነቃ እንደሚችል የነገረኝ አልነበረም።

በጋውን እንዲሁ ተጎተትኩ። ሌላ ክሊኒክ ሄጄ የሳንባ ምች ነው ተብዬ መድኃኒት ዋጥኩ፤ ትንሽ ተሻለኝና ተመልሶ መጣ። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፣ አንሶላዬ ይጨመቃል። ጥፋተኛው የእማዬ ብርድ ልብስ ነው ብዬ አጣጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ላቡ ግን አልቀረም። ቀሚሴ ሁሉ ሰፋኝ። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙኝ ሴቶች ደግሞ "ሸንቃጣ ሆንሽ፣ ምን ዓይነት ዳየት ይዘሽ ነው?" ይሉኝ ነበር፤ እኔም ፈገግ እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ የሆነ ነገር ትክክል እንዳልሆነ ልቤ ያውቀዋል።

እማዬ ጋ የምደውለው እሑድ እሑድ ነበር። ያኔ በሚፋቅ የስልክ ካርድ ነው የምንደውለው። እየሳልኩ እንዳትሰማኝ መጀመሪያ ውሃ እጠጣለሁ፣ ካራሜላ አፌ ውስጥ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ቁጥሩን እመታለሁ። ሳሉ ሲመጣብኝ ደረቴ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይታወቀኛል። ያኔ "እማዬ፣ ካርዱ ሊያልቅ ነው" እልና እዘጋለሁ። በዚህ ጥበቤ ትንሽ እኮራም ነበር። እሷ ብቻዋን ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ እዚህ አገር የላከችኝ ልጄ አለፈላት እንድትል እንጂ ሳንባዬን እያሰበች እንቅልፍ እንድታጣ አይደለም ብዬ ለራሴ እነግረው ነበር።

ከዚያ በረዶው በተመለሰ ሰሞን አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ሳልኩና አፌን የጠረግሁበት ሶፍት ቀይ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አየው። ተነሥቶ ሌላ ወንበር ሄደ። እኔም ሶፍቱን ጨምድጄ ኪሴ ከተትኩና መውረጃዬ እስኪደርስ መስኮቱን እያየሁ ተቀመጥኩ። እሞታለሁ የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ የመጣብኝ ያን ጊዜ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ጭንብል አደረጉልኝና ከሰው ለይተው አስቀመጡኝ። የመጠበቂያው አዳራሽ ሙሉ ነበር፤ በእኔ ዙሪያ ግን ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆነ። ቀጥሎ ሁለት በር ያላት ክፍል አስገቡኝ። አንዱ በር ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም፤ የክፍሏ አየር ወደ ሰው እንዳይወጣ ነው አሉኝ። የሚገባው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ስለሚመጣ እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ የአንድ ሰው ሙሉ ፊት አላየሁም። ሐኪሟ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ቀስ አድርጋ ነገረችኝ፦ ቲቢ ነው፣ ይድናል፣ ግን ወራት ይፈጃል። የሰማሁት ቲቢ የሚለውን ብቻ ነው። ይድናል ያለችውን አላመንኳትም፤ አባቴ አልዳነም።

ከሆስፒታል ስወጣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ ነርስ መደበልኝ። ግሎሪያ ትባላለች፣ ከጉያና የመጣች ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። መድኃኒቱን በነፃ ይዛ ትመጣለች፤ ፊቷ ቁጭ ብዬ እስክውጠው ታየኛለች። ለምን እንደ ሕፃን ታዪኛለሽ ስላት፣ ትንሽ የተሻለው ሰው ሁሉ ስለሚያቋርጠውና በሽታው ከበፊቱ ብሶ ስለሚመለስ ነው አለችኝ። ሽንቴ እንደ ብርቱካን ጭማቂ እንደሚሆን አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ በድንጋጤ ነበር የምሞተው። የሆስፒታሉ ሒሳብ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ሲከመር የምደውልበትን ቢሮ የነገረችኝም እሷ ናት። ሥራዬን አጥቼ ነበር፤ የመስታወት ሳጥኔ ውስጥ ሌላ ልጅ ገብታለች።

አንድ ነገር ለመንኳት። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሐበሻ ስላለ የጤና ቢሮውን ባጅ አውልቂልኝ፣ መኪናሽንም እዚህ በር ላይ አታቁሚ አልኳት። ግር ቢላትም እሺ አለች፤ ልብስ ማጠቢያው ቤት ጋ አቁማ በእግሯ ትመጣ ነበር። ጎረቤቶች ማናት ብለው ሲጠይቁ እትዬ ዘውዲቱ የኢንሹራንስ ሻጭ ናት አሏቸው። ቤተ ክርስቲያን ለጠየቋቸው ሁሉ ደግሞ፣ ቨርጂኒያ፣ ስፕሪንግፊልድ ሥራ አግኝታ እዚያው ተከራየች ብለው ነገሩ። እኔ ላንግሊ ፓርክ አንዲት ክፍል ውስጥ ተኝቼ ሰው ሁሉ ቨርጂኒያ ነች ይለኝ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን። መድኃኒቱን እየዋጥን መደበቃችን ምን ይጎዳል ብለን ነው መሰለኝ።

ግሎሪያ ሊዲያንና እናቷን መረመረቻቸው። እጃቸው ቆዳ ላይ ትወጋና ካበጠ ጀርሙ ገብቷል ማለት ነው። የሊዲያ አበጠ። አልታመመችም፣ ለሌላ ሰውም አታስተላልፍም፤ ግን እንዳይነቃባት እሷም ለወራት ክኒን መዋጥ አለባት ተባለ። ማታ ሳህኔና ብርጭቆዬ ለብቻቸው ተለይተው መደርደሪያው ጥግ ተቀምጠው አየሁ። በሳህን እንደማይተላለፍ፣ ለረጅም ጊዜ አብሮ በተተነፈሰ አየር እንደሆነ፣ እኔም መድኃኒቱን ከጀመርኩ ከሳምንታት በኋላ እንደማላስተላልፍ ግሎሪያ ለእትዬ ዘውዲቱ አስረድታቸው ነበር። እናት ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። የአባቴ ጣሳ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፊቴ አልጠፋ አለ።

ሆስፒታል እያለሁ ለእማዬ አልደወልኩም ነበር፤ ሥራ በዝቶባታል ብላችሁ ንገሯት ብዬ ነበር። ቤት በገባሁ በመጀመሪያው እሑድ ከቁም ሳጥን ያወጣሁትን ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ደወልኩ።

"ውቤ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?" አለችኝ።

"ብርድ ነው እማዬ።"

"ያ ብርድ ልብስ አለ?"

"አለ፣ እሱን ለብሼ ነው የማወራሽ።"

እሷም ደከም ያለች መሰለኝ፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ምን ሆነሽ ነው ብዬ ልጠይቃት ስል ሳሉ መጣ። ልይዘው ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። አንዴ፣ ሁለቴ ስልኩ ውስጥ ሳልኩ። "እማዬ፣ ካርዱ አለቀ" አልኳትና ዘጋሁት። ካርዱ ገና ብዙ ነበረው።

በሚቀጥለው እሑድ ስደውል ስልኩን ያነሣው ወንድሜ ደረጀ ነው። እማዬ እግሯን አሟት ቆላ ወርዳ ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ የለም አለኝ። ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር ጠበል ናት። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል። ሳሌን ሳልውጥ የማወራው ሰው ደረጀ ነበር፤ እሱም ብዙ አይጠይቀኝም። እሷ ጠበሏን ስትጨርስ እኔም ክኒኔን እጨርሳለሁ፣ ያኔ ሁለታችንም ደህና ሆነን እናወራለን ብዬ አሰብኩ። የራሴን ውሸት መጠበቅ ስለያዘኝ የሌላ ሰው ውሸት ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም።

የእነዚያ ወራት ነገር ብዙ የሚነገር የለውም። እበላለሁ፣ ያስመልሰኛል፣ ግሎሪያ ትመጣለች፣ እውጣለሁ፣ እተኛለሁ። በመስኮት የማየው የአውቶቡስ ማቆሚያውን ነው፤ ሰው ተጠቅልሎ ይቆማል፣ ይሳፈራል፣ ሌላው ይቆማል። አንዳንድ ቀን ሞቼ ባረፍኩ እል ነበር። የታመመ ሰው በእኛ ባህል ብቻውን አይተውም፤ ጠያቂ አልጋውን ከቦ ያስለፈልፈዋል፣ ይቆጣዋል፣ ያጎርሰዋል። እኔን ግን ማን ይጠይቀኝ፤ ስፕሪንግፊልድ ነኝ።

እትዬ ዘውዲቱ ደግሞ አንድ ጥያቄ ያዙ። ግሎሪያ በመጣች ቁጥር ሊዲያን ጠርተው፣ መቼ ነው የምትጨርሰው ብለሽ ጠይቂልኝ ይላሉ። እኔንም ጠዋት ጠዋት፣ ስንት ወር ቀረሽ፣ ጨረስሽ ማለት ሙሉ በሙሉ ዳንሽ ማለት ነው ወይ ይሉኛል። ሰለቸኋቸው አልኩ። አንድ ቀን ከሥራ ገብተው ከሊዲያ ጋር ኩሽና ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ሊዲያ እያለቀሰች፣ "ማሚ፣ ዲስ ኢዝ ሶ ሮንግ፣ ሺ ሃዝ ኤ ራይት ቱ ኖው" ትላለች፤ ይህ ልክ አይደለም፣ የማወቅ መብት አላት ማለቷ ነው። እናቷ "ዝም በይ፣ ትሰማሻለች" አሏት። በቃ፣ ከቤት ሊያስወጡኝ ወስነዋል፣ የሚነግረኝ ነው የጠፋው ብዬ ገመትኩ። በማግሥቱ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ አስገባሁ። ማንም ምንም ሳይለኝ ሲቀር መልሼ አወጣሁት።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አንድ ዓርብ ቀን ግሎሪያ ራሷ መኪናዋ ውስጥ አስገብታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ጠባሳ ብቻ ነው የቀረው፣ ጨርሰሻል፣ ድነሻል አለኝ። ግሎሪያ አቀፈችኝ፤ ከዚያ በፊት ነክታኝ አታውቅም። ስመለስ ታኮማ ፓርክ ካለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ትልቁን የስልክ ካርድ ገዛሁና ለደረጀ ደወልኩ። እሑድ ለእማዬ ሁሉንም ልነግራት ነው፣ እንደምንም ብለህ ከጠበል አምጣት አልኩት። "እሺ፣ እሑድ" አለኝ። እትዬ ዘውዲቱ ድነሻል መባሌን ስነግራቸው ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። "ተመስገን" አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ስለ ሊዲያ ብለው ነው አልኩ።

እሑድ ገና ጎህ ሳይቀድ በሩ ሲንኳኳ ነቃሁ። እትዬ ዘውዲቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው የእድሩ ሽማግሌና የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሳሎኑን ሞልተውታል። ያ ሰዓት፣ ያ ነጠላ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሐበሻ እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

"ልጄ፣ እናትሽ ካረፉ ቆይቷል" አሉ ሽማግሌው። "አንቺ እስክትድኚ ነው የጠበቅነው። እግዜር ያጽናሽ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ላንግሊ ፓርክ ሰምቷል፣ ሊዲያ ክኒኗን እየዋጠች ይህንንም አብራ ስትውጥ ከርማለች። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስንት ወር ቀረሽ የሚሉኝ መርዶዬን የሚነግሩኝን ቀን እየቆጠሩ ነው። እዬዬ እያልኩ መሬት ላይ ስወድቅ አንዲቷ ሴትዮ ደግፋ እያነሣችኝ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ከስፕሪንግፊልድ መቼ መጣሽ አለችኝ።

የቀረውን የነገረኝ ደረጀ ነው፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ። እኔ ካርዱ አለቀ ብዬ የዘጋሁ ዕለት እማዬ እጀታውን አላስቀመጠችም። እንደያዘችው ቆይታ፣ "ይቺን ልጅ ብርድ አይደለም የመታት። አባቷም እንዲህ ነበር የሚስለው" አለች። ወዲያው ለእትዬ ዘውዲቱ አስደውላ በሚካኤል አስምላ እውነቱን አወጣጣቻቸው። ከዚያ ደግሞ መልሳ አስማለቻቸው፤ የምትደብቀኝ እንዳልጨነቅ ብላ ነው፣ እንዳወቅሁ አትንገሯት፣ እኔም አንድ ነገር ብሆን እስክትድን እንዳታረዷት። ለካ ደም ግፊቷ ከጀመራት ቆይቷል፤ እሷም ከእኔ ደብቃ ነው። ቀጣዩ እሑድ ሳይደርስ፣ በዚያው ሳምንት ወድቃ ቀረች።

ማንን ልቆጣ? እትዬ ዘውዲቱ የሟች ቃል ጠበቁ። ደረጀም እንደዚሁ። እማዬ እኔን ለማዳን ብላ ነው፣ እኔ እሷን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው። ሁላችንም እየተዋደድን ተደባበቅን፤ እኔ እናቴን ሳልሰናበት ቀረሁ። መሞቷን አውቄ ቢሆን ኖሮ ክኒኑን አቋርጬ አብሬያት እሄድ ነበር የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ይሆናል። ቢሆንም አንድ እሑድ ተጨማሪ ስጡኝ፣ ሳሌን እየሳልኩ ላውራት እላለሁ።

ለምታነቢኝ ልጅ፦ ሳልሽ ከሳምንታት ካለፈ፣ ላብ ካጠመቀሽ፣ ከከሳሽ፣ ብርድ ነው የሚልሽን ሁሉ ትተሽ አክታሽንና ደረትሽን አስመርመሪ። ሐኪም ስለ ቤተሰብሽ ሲጠይቅሽ፣ እቤት ስሙ ያልተጠራውንም በሽታ ንገሪው። ለእናትሽም ንገሪያት። ትጨነቅ፤ ትጨነቅና አውሩ።

አሁን የምኖረው ብቻዬን ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ በፊት ከምሠራበት ብዙም ሳይርቅ። ብርድ ልብሱ አልጋዬ ላይ አለ። ባለፈው ደረጀን ሳወራው ተራ ጉንፋን ይዞኝ ነበርና ሳሉ መጣብኝ። እጄ ሳላዝዘው ወደ መዝጊያው ሄደ። መልሼ ያዝኩትና ስልኩ ውስጥ ሳልኩ፣ እስኪበቃኝ። ደረጀ ማዶ ሆኖ ይሰማኛል። ሳሉ ካቆመ በኋላም ስልኩን አልዘጋነውም።